የውለታ ደብተር

ዛሬ ማታ እራት ላይ ልጆቻችሁን አንድ ነገር ጠይቁልኝ። “እኔና አባታችሁ የት ነው የተዋወቅነው?” በሏቸው። መልሳቸው ሳያስቃችሁ አይቀርም። የእኔ ትንሹ ልጅ ቅንጣት ሳይጠራጠር “ሠርጋችሁ ላይ” ነበር ያለኝ። ታላቅ እህቱ ገላመጠችውና “ሠርግ ላይማ አይደለም፤ ዘመድ ነው ያገናኛቸው” አለች። ሁለቱም አላወቁትም። ከአባታቸው ጋር የተዋወቅነው ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ስንመጣ ጣርማ በር ላይ ጎማው በፈነዳ አውቶቡስ ውስጥ ነው። ጉሙ ሰው ከሰው አያሳይም፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እሱ ጋቢ ይዞ ነበር። ለእኔ ግን አልሰጠኝም። አጠገቤ ለተቀመጡት ባልቴት አለበሳቸውና እጁን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ጎማው ሲቀየር ሊያይ ወረደ። ለእኔ ሰጥቶኝ ቢሆን ኖሮ “ይሄ ደግሞ ምን ፈልጎ ነው?” ብዬ ፊቴን አዞርበት ነበር።

ይህን ስነግራቸው ልጄ የጠቀለለውን እንጀራ እንደያዘ “ከዚያስ?” አለኝ። “ከዚያስ?” የሚል ልጅ ፊታችሁ ከተቀመጠ ስልኩን ረስቷል ማለት ነው። እናቶች፣ ያን ሰዓት እንዳትለቁት!

ጥያቄውን የፈጠርኩት እኔ አይደለሁም። አሜሪካ አትላንታ ከተማ ባለው ኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት የሥነ ልቦና ምሁራን ማርሻል ዱክና ሮቢን ፊቩሽ ካዘጋጇቸው 20 ጥያቄዎች አንዱ ነው። መነሻው ግን የዱክ ባለቤት ሳራ ናት። እሷም የሥነ ልቦና ባለሙያ ናት፤ ትምህርት የሚከብዳቸውን ልጆች ትረዳ ነበር። ታዲያ ስለ ቤተሰባቸው ብዙ የሚያውቁት ልጆች ችግር ሲገጥማቸው ከሌሎቹ ይልቅ እንደሚበረቱ ታዘበችና ለባሏ ነገረችው። ሚስቱን የሚሰማ ባል ምን ያህል እንደሚጠቅም ለማሳየት ሌላ ምሳሌ አልፈልግም።

ጥያቄዎቹ ተራ ናቸው። እናትህ ያደገችው የት ነው? ስምህ ከየት መጣ? ስትወለድ ምን ሆነ? ከቤተሰቡ ማንን ትመስላለህ? ወላጆችህ ልጅ ሳሉ ምን ታመሙ? አንዱ ደግሞ ለቀልድ የገባ ይመስላል፤ ፈገግ ባለማለቱ ብዛት ፊቱ ተኮሳትሮ የቀረ ዘመድ እንዳላችሁ ታውቃለህ? ይላል። (እኛ ቤት አለ። ማን እንደሆነ አልናገርም፤ ይህን ጽሑፍ ማንበባቸው አይቀርም።) እ.ኤ.አ. በ2001 ጥያቄዎቹን ለልጆች አቅርበው ውጤቱን ሲመለከቱ፣ ብዙውን የመለሱት ልጆች ለራሳቸው ያላቸው ግምት ከፍ ያለ፣ ሕይወታቸውን ራሳቸው መምራት እንደሚችሉ የሚያምኑ፣ ቤተሰባቸውም የተሻለ ሰላም ያለው ሆኖ ተገኘ።

ዱክ ራሱ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ ሰጥቷል። ልጆቹን ቁጭ አድርጋችሁ መልሱን ብታስጠኗቸው ምንም አይፈጠርም። ልጁን የሚያበረታው መልሱ በተገኘበት ማዕድ ዙሪያ ያለው ነገር ነው፤ እናቱ እየሳቀች ስታወራ፣ አባቱ “ኧረ እንደዚያ አልነበረም!” ብሎ ጣልቃ ሲገባ፣ አያቱ ደግሞ ሁለቱንም ሲያርሙ። ይህ ማስጠንቀቂያ ለእኛ ሀገር በጣም ያስፈልጋል። አለዚያ አንዱ ትምህርት ቤት “የቤተሰብ ታሪክ” ብሎ ከመቶ የሚታረም ፈተና ማውጣቱ አይቀርም።

እኛማ በዚህ ነገር ማን ይደርስብናል ትሉኝ ይሆናል። ሰባት ቤት እንቆጥራለን። እውነት ነው። የተፈላለጉ ልጆች ዘመዳማች እንዳይሆኑ እስከ ሰባት ትውልድ የሚቆጥሩ ሽማግሌዎች አሁንም አሉ፤ ቤተ እስራኤላውያን ወገኖቻችንም ወደ እስራኤል ሲሄዱ ይህንኑ ልማድ ይዘው ነው የሄዱት። ግን ልጃችሁን “ቅድመ አያትህ ምን ይወዱ ነበር?” በሉት። ስማቸውን ያውቃል፤ እሳቸውን አያውቃቸውም። የእኔ ቅድመ አያት ጥይት የማይፈሩ፣ ፍየል ግን አጥብቀው የሚፈሩ ሰው ነበሩ። ልጅ ሳሉ አንዷ ከገደል አፋፍ ገፍትራቸው ነበር አሉ። ይህን እስክሰማ ድረስ ስማቸው ከስሜ ኋላ የሚጠራ ስም ብቻ ነበር። ከሰማሁ በኋላ ግን የእኔ ሆኑ።

ታሪክ በምንነግርበት መንገድ ላይ ደግሞ ከብዙ ወላጆች ጋር አልስማማም። “እኛ እኮ በባዶ እግራችን ነው የተማርነው! እኛ እኮ አንድ እርሳስ ለሁለት ሰብረን! አንተ አሁን ምን ጎደለህ?” ይባላል። የተባለው ሁሉ እውነት ነው። የሚሰማው ልጅ ግን ምግብ ቤት ገብቶ ያላዘዘውን ምግብ ሂሳብ ያቀረቡለት ሰው ይመስላል። ያላዘዘውን እንዴት ያመሰግናል? ዕዳ ያለበት ሰው አበዳሪውን ከሩቅ ሲያይ መንገድ ይቀይራል። ልጆቻችን መንገድ መቀየርም አያስፈልጋቸውም፤ የጆሮ ማዳመጫ አላቸው።

ያንኑ ታሪክ በሌላ በኩል ጀምሩት። “ጫማ አልነበረኝም” የሚለውን ተዉትና “የመጀመሪያ ጫማዬን ማን እንደገዛልኝ ልንገርህ” በሉት። የእኔን የገዛችልኝ የአንደኛ ክፍል አስተማሪዬ ናት። ኮንጎ ጫማ ነበር። ሁለት ቁጥር ስለሚበልጠኝ ጫፉ ላይ ጨርቅ ጠቅጥቃበት “ታድጊበታለሽ” አለችኝ። ድህነቱ ያው ነው፣ ብርዱም ያው ነው፤ አሁን ግን ታሪኩ ውስጥ አንዲት ደግ ሴት ገብታለች። ልጁ ስለ እሷ ይጠይቃል። “አሁን የት ናት?” ይላል። ያን ጊዜ ምስጋና የሚባለውን ነገር ሳትሰብኩት ጀምሯል።

ይህን የተማርኩት ከእናቴ ነው። እናቴ ደሴ ሰኞ ገበያ በርበሬና ቅመም ትሸጥ ነበር። ፊደል አልቆጠረችም። ዱቤ የወሰደባትን ሰው የምትይዘው በር ጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ በከሰል እያሰመረች ነው። ረጅሙ መስመር ብር ነው፤ አጭሩ ስሙኒ። ከጎኑ እሷ ብቻ የምታውቀው ምልክት ይደረጋል፤ ጥምጣም ላላቸው ጥምጣም፣ ለፍንጭቷ ሴትዮ ሁለት ጥርስ። ታዲያ አንድ ዓመት ለእንቁጣጣሽ አባቴ ሊያስደስታት ፈለገና እሷ ገበያ በዋለችበት ቀን ቤቱን ከውስጥ በኖራ አስቀባው። የክረምቱ ዱቤ በሙሉ ከግድግዳው ጋር ነጣ! እናቴ ያን ማታ በሩን ከፍታ ያየችውን እስከ ዛሬ ስታወራ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ትጭናለች። አባቴ “አላማረም እንዴ?” እያለ እንደነበርም አትረሳም።

በዚያው ሰሞን መሠረተ ትምህርት ተመዘገበች። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ሲጀመር በ5 ቋንቋዎች ነበር፤ በኋላ 15 ደረሰ፤ ለሀገሪቱም እ.ኤ.አ. በ1980 ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኝቷል። የታሪክ መጻሕፍት ስለ ዘመቻው ብዙ ይላሉ፤ ለእናቴ ግን ዘመቻው ማለት ያ ነጭ ግድግዳ ነው። እኔም በዚያው ዓመት አንደኛ ክፍል ገባሁ። ቀን እኔ እማራለሁ፣ ማታ እሷ። ከቀበሌው አዳራሽ ስትመለስ ፋኖሱን መሀላችን ታስቀምጥና በጽሕፈት እንፎካከራለን። የእሷ “መ” ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ያዘነብል ነበር፤ “ተሸክሞ ነው” ትላለች። የምስክር ወረቀቷን ተቀብላ ቤት የገባች ቀን አባቴ ከፍ ዝቅ አድርጎ አየውና “እንግዲህ አሁን ቤቱን ማስቀባት ይቻላል?” ብሎ ጠየቃት።

ከዚያ ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዛች። ከፊት ገጾቹ ላይ ዱቤ ትይዛለች። የተከፈለውን ደግሞ በደስታ ትሰርዘዋለች፤ እርሳሱ ወረቀቱን እስኪቀድ ድረስ። አባቴ ታሞ ሆስፒታል ሲተኛ ግን ደብተሩን ገለበጠችና ከኋላ መጻፍ ጀመረች። ያን ጽሑፍ ልጅ ሆኜ በስርቆሽ፣ ካደግሁ በኋላ በፈቃዷ አንብቤዋለሁ። “የላይኛዋ ጎረቤት። ልጆቼን አሳደረች። ፀጉራቸውንም ሠራች።” “ሐጂ። የቀበሌ ስኳራቸውን ሰጡኝ። ለእነሱ ረመዳን ነበር።” ያኔ ስኳር በራሽን ነው የሚገኘው፤ ሰልፍ ተይዞ፣ በቤተሰብ ቁጥር ተመዝኖ። ጾመኛ ቤት ማታ ያለ ስኳር ምን ማለት እንደሆነ የወሎ ሰው ያውቀዋል። አንዱ መስመር ደግሞ “የታክሲው ሹፌር። አላስከፈለም። ስሙን አልጠየቅሁም። ቀይ ሹራብ” ይላል።

አባቴ ዳነ። እናቴም የቻለችውን ሁሉ መለሰች። የሐጂ ልጅ ስታገባ የሠርጉን በርበሬ በሙሉ ያሰናዳችው እሷ ናት፤ አስቀንጥሳ፣ አስደልዛ፣ አስፈጭታ፣ አንድ ሳንቲም ሳትቀበል። ያም ሆኖ የሐጂ መስመር ከኋላ ገጽ ላይ እንዳለ ነው። “ከፍለሽ የለ፣ ለምን አትሰርዢውም?” ብዬ ጠየቅኋት። “ይሄ ዱቤ አይደለም እኮ” አለችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

እ.ኤ.አ. በ2003 ሮበርት ኤመንስና ማይክል ማካሎ የተባሉ ተመራማሪዎች ያወጡትን ጥናት ሳነብ ያ ደብተር ነው ትዝ ያለኝ። ተሳታፊዎቹን በሦስት ከፈሏቸው። አንዱ ቡድን በየሳምንቱ የሚያመሰግንባቸውን እስከ 5 ነገሮች ይጽፋል፤ ሌላው ያስመረሩትን ይጽፋል፤ ሦስተኛው ያጋጠመውን ማንኛውንም ነገር። ከ10 ሳምንት በኋላ ምስጋና የጻፉት ስለ ሕይወታቸው የተሻለ ስሜት ነበራቸው፤ ስለ መጪው ሳምንትም ተስፈኞች ሆኑ፤ ከሚያማርሩት ይልቅ ስፖርት የሚሠሩትም እነሱ ነበሩ። ከጻፉት መካከል ፈጣሪን ያመሰገነ አለ፣ ወላጆቹን ያመሰገነ አለ፤ አንዱ ደግሞ ሮሊንግ ስቶንስ የሚባለውን የእንግሊዝ የሙዚቃ ቡድን አመስግኗል። ምን ይደረግ፣ የሰው ልብ ሰፊ ነው።

የእናቴ ደብተር ከዚያ አንድ ነገር ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። እሷ የጻፈችው ምን እንዳገኘች ብቻ አይደለም፤ ማን፣ መቼ፣ ምን እንዳደረገ ነው። እኛ በአፋችን አመስጋኞች ነን። “እንዴት ናችሁ?” ስንባል “እግዚአብሔር ይመስገን”፣ “አልሐምዱሊላህ” ሳንል አናልፍም። ግሩም ነው፤ አይቅር። ልጅ ግን ከዚያ ቀጥሎ የሰው ስም መስማት አለበት። “እግዚአብሔር ይመስገን፤ ትናንት መብራት ጠፍቶ የታች ቤቷ እህታችን የእኛን ሊጥ ከእሷ ጋር በጋዝ ባትጋግርልን ዛሬ ዳቦ ነበር የምንበላው” ሲባል ልጁ ምስጋና ወዴት እንደሚሄድ ያያል። ደረጃውን ሲወርድም የታች ቤቷን ሴትዮ ቀና ብሎ “ደህና አደሩ” ይላቸዋል።

እኛ ቤት እሑድ እሑድ ቡና ሲፈላ አንድ ልማድ አለን። አቦሉ ሲቀዳ እያንዳንዳችን በሳምንቱ ሰው ያደረገልንን አንድ ነገር እናወራለን። ደንቡ አንድ ነው፦ ሰውየው መታወቅ አለበት። መጀመሪያ ላይ ልጆቹ “ምንም የለም” ይሉ ነበር። ታላቋ አንድ እሑድ “ዋይፋዩ ስላልተቋረጠ” ብላ አስቃናለች። አልተቆጣኋትም። ምስጋናን በቁጣ ያስተማረ ሰው እስካሁን አላየሁም። ከጊዜ በኋላ ትንሹ “የብሎካችን ጥበቃ ኳሴን ከጣራ አወረዱልኝ፤ መሰላል ተውሰው” አለ። “ምን አልካቸው?” አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ ማንም ሳይነግረው ተነሣ፤ አንድ ስኒ ቡናና ከቆሎው በሳህን ይዞ ደረጃውን ወረደ። ሲመለስ ፊቱ በርቶ ነበር። “ድሮ ወታደር ነበሩ! ምጽዋ ነበሩ! ባሕር አይተዋል!” ኳስ ብቻ ሲያወርዱ የኖሩ ሰው አንድ ትልቅ ታሪክ ይዘው በራችን ላይ ተቀምጠው ኖረዋል።

አሁን ወደ እህቴ ልውሰዳችሁ። ታናሽ እህቴ ጅዳ በሰው ቤት ሠርታለች። የእናታችንን ቤት ጣራ ያስቀየረችው፣ የወንድማችንን የኮሌጅ ክፍያ የከፈለችው እሷ ናት። ለልጆቼ ግን ሽቶና ቸኮሌት የምትልክ አክስት ነበረች፤ ያ ብቻ። እንደ እሷ ያሉ እህቶች ወሎ ውስጥ በየቤቱ አሉ፤ በየቤቱም የላኩት ይታወቃል፣ የኖሩት አይታወቅም። አንድ ቀን “ለልጆቹ ስለ መጀመሪያ ሳምንትሽ በድምፅ ንገሪያቸው” አልኳት። በቴሌግራም ላከችው። ዐረብኛ አታውቅም፤ እንግዳ መጣና ሻይ አፍልታ አቀረበች፤ የስኳሩና የጨው ዕቃ ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ስላልቻለች በስኳር ፋንታ ጨው አድርጋበታለች። እንግዳዋ አንድ ጊዜ ጎንጨት ብላ በጨዋነት ብርጭቆውን አስቀመጠች፤ የቤቱ አሮጊት እናት ግን ቀምሰው እስኪያለቅሱ ሳቁ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ አንድ አንድ የዕቃ ስም አስተማሯት። ልጆቼ ያን ድምፅ ደጋግመው አስጮኹት፤ ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ልጄ ስልኩን አንሥታ “አክስቴ፣ ያኔ ስንት ዓመትሽ ነበር?” ብላ ጠየቀቻት። መልሱ ሲመጣ ቁጭ አለች። “ከእኔ በሁለት ዓመት ብቻ ትበልጪ ነበር ማለት ነው” አለች። ያን ሰዓት “አየሽ አይደል፣ እሷ ለፍታ ነው” ብዬ ብገባ ሁሉን አበላሸው ነበር። ቡና ቀዳሁ።

ዱክና ፊቩሽ የቤተሰብ ታሪክ በሦስት መልክ ይነገራል ይላሉ። አንዱ ከምንም ተነሥተን እዚህ ደረስን የሚለው ነው። ሁለተኛው ሁሉ ነበረን፣ ሁሉን አጣን የሚለው። ለልጅ ከሁሉም የሚበጀው ግን ሦስተኛው ነው፤ ወጣን፣ ወረድን፣ ደግሞ ወጣን፣ አብረን ነበርን የሚለው። ይህን እኔ ከመጽሐፍ በፊት ያየሁት በጥቅምት 2014 ነው። የሰሜኑ ጦርነት ወደ ደሴ ሲቀርብ እናቴና የአክስቶቼ ልጆች አዲስ አበባ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየማችን ውስጥ ገቡ። ፍራሽ ከፍራሽ ተገጣጥሞ ሳሎኑ መርገጫ አልነበረውም። ልጆቹ ፈርተዋል፤ ትልልቆቹም ከቴሌቪዥኑ ላይ ዓይናችንን መንቀል አቅቶናል። እናቴ ቴሌቪዥኑን አጥፉ አለችና ትንንሾቹን ሰበሰበቻቸው። በ1977ቱ ድርቅ አያቴ የመጨረሻ በሬያቸውን በምን ያህል እንደሸጡ፣ ከገጠር ደሴ ድረስ በእግር እንደመጡ፣ ማን ውሃ እንደሰጣቸው፣ ማን ጓዳውን እንደለቀቀላቸው ነገረቻቸው። ከዚያ ያ ጓዳ እንዴት ሱቅ እንደሆነ። ከዚያ ሱቁ እንዴት እንደተዘጋ። ከዚያ ደግሞ እንዴት እንደተከፈተ። “አሁንም ሱቁ ተዘግቷል። ይከፈታል” አለች፤ የአየር ሁኔታ የምታወራ ነበር የምትመስለው። ልጆቹ ያን ሌሊት ተኙ።

የኤሞሪዎቹ ምሁራን ጥናታቸውን በጨረሱ በጥቂት ጊዜ ውስጥ የሴፕቴምበር 11 ጥቃት አሜሪካን አናወጣት። ተመልሰው እነዚያኑ ልጆች ሲያዩ፣ የቤተሰባቸውን ታሪክ የሚያውቁት ድንጋጤውን በተሻለ ተቋቁመውት አገኙ። ሳሎኔ ውስጥ የነበሩት ልጆችም ይህንኑ ይመሰክራሉ። የእናቴ ደብተር በጥድፊያው ደሴ ቀርቶ ነበር። “ምንም አይደል፣ የኋላውን በቃሌ አውቀዋለሁ” አለችና አንድ በአንድ ስትጠራ ልጄ ስልኩ ላይ ጻፈው። ስትመለስ ደብተሩን አልጋ ሥር አገኘችው፤ ዘይትና ስኳሩ ግን ከነዕቃው የለም። ስልክ ደውላ “ማንበብ የማይወድ ሌባ ነው የገባው” አለችን።

ባለቤቴ ታሪክ በመንገር ጉዳይ ከእኔ የሚለይበት ነገር አለው፤ እሱ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ያደገው በቴሌቪዥን ተረት ነው። አባባ ተስፋዬ ከ40 ዓመት በላይ ለሀገሩ ልጆች ሁሉ ተረት ነግረው በሐምሌ 2009 ሲያርፉ እንደ አባቱ ነው ያለቀሰው። እሱ የሚለው፣ አባባ ተስፋዬ ልጆችን ያስለመዱት መስማት ብቻ አይደለም፤ ስቱዲዮ የመጣውን ልጅ ስሙን ጠይቀው፣ መድረኩን ሰጥተው ያስወሩት ነበር። ልክ ነው። እናንተ ብቻ አውሩ አላልኩም። ልጁም የራሱ ልጅነት አለው፤ ገና እየኖረው ቢሆንም። “አንተ ትንሽ ሳለህ” ብላችሁ ጀምሩና ጎደሎውን እሱ ይሙላው። የተወለደበትን ሌሊት ንገሩት፤ ታክሲው የቆመበትን፣ “ማርያም ማርያም” ያሉትን ጎረቤቶች፣ ገንፎውን ማን እንዳገነፋው፣ ስሙን ለማውጣት ሁለቱ አያቶች እንዴት እንደተኳረፉ። ስለ ራሱ መወለድ መስማት የሰለቸው ልጅ አላየሁም። የ17 ዓመቷ ልጄ እንኳ “አቦ፣ ስንቴ ትነግሪኛለሽ” እያለች ትራሱን አመቻችታ ትጋደማለች።

አንዳንድ አንባቢ “የእኔ እናት አታወራም፤ ስጠይቃት ‘ምን ይወራል’ ትለኛለች” ይለኝ ይሆናል። የእኔም በአንዳንድ ነገር እንደዚያው ናት። ስለ ሠርጓ ስንጠይቃት “እንደ ሰው ነው ያገባሁት” ትልና ነጠላዋን ታስተካክላለች። መድኃኒቱን ያገኘው ትንሹ ልጄ ነው። ያለፈው እሑድ ቡናው ሲቀርብ አጠገቧ ተቀመጠና ምንም እንዳልመሰለው ሆኖ “እማማ፣ ለሠርግሽ በቅሎ ላይ ተቀምጠሽ ነው አይደል የመጣሽው?” አላት።

“በቅሎ? የማንን በቅሎ!” ብላ ስኒውን አስቀመጠች። “በእግሬ ነው እንጂ! ያውም በዝናብ፣ ያውም ጫማዬን በእጄ ይዤ። በቅሎማ ነበረች፤ የመጣችው ለእኔ ነበር፤ ግን ታላቁ ሚዜ እግሩ ወለም አለውና እሱ ተቀመጠባት። በሙሽራዪቱ በቅሎ ሚዜ! ቆይ ልንገርህ፣ መጀመሪያ ከቤት ስንወጣ…”

በረካው ተጠጥቶ፣ ረከቦቱ ተነሥቶ፣ ስኒው ታጥቦ ሲያልቅ እናቴ ገና የቦርከናን ወንዝ አልተሻገረችም።